የፈራሚ እጅና ኅሊና

አማርኛችን አንዳንድ ጊዜ አንድን ትልቅ የፍልስፍና ጥያቄ በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ያስቀምጣል፤ ተናጋሪው ግን ሳያስተውለው ሲገለገልበት ይኖራል። «እንደራሴ» ከነዚህ ቃላት አንዷ ናት። ስትተረተር «እንደ ራሴ» ማለት ናት። የሚናገረው ተሿሚው ሳይሆን ሿሚው ነው፤ «እዚያ የቆመው ሰው እኔው ራሴ እንደ ቆምኩ ይቆጠር» ይላል። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለዋል። ኋላም ጠቅላይ ግዛት ተሰጥቷቸው የሄዱ መኳንንት የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተብለዋል። ዘውዱ ከወረደ በኋላም ቃሏ አልሞተችም፤ የፓርላማ አባል ዛሬ «የሕዝብ እንደራሴ» ነው። ለመሆኑ አንድ ሰው የሌላ ሰው «ራስ» ሆኖ ሲቆም የገዛ ራሱ የት ይገባል? ኅሊናውን ከካባው ጋር ለብሶት ይገባል ወይስ ከደጅ ጥሎት?

ጥያቄው ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በወረቀት ላይ ግዙፍ፣ በተግባር ግን ባዶ በሚመስል አንድ ሹመት ላይ ነው፤ የብሪታንያ ዘውድ በሩቅ አገሮች በሚያቆመው እንደራሴ ላይ። በዚህ ጽሑፍ ይህን ሹመት ልመረምር እፈልጋለሁ። ጉዳዩ የእንግሊዞች ብቻ እንዳይመስለን ወደ መጨረሻው የራሳችንም ታሪክ ይመጣል። የውጭ አገር ታሪኮቹን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በእኛ አስቀምጣለሁ።

የጥላ ጥላ

ዛሬ ከብሪታንያ ሌላ 14 ነጻ አገሮች የእንግሊዙን ንጉሥ ንጉሣችን ብለው ይቀበላሉ። ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ጃማይካ፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ንጉሡ ግን አንድ ሰው ነው፤ መኖሪያውም ለንደን ነው። ስለዚህ በያገሩ ጠቅላይ ገዥ የሚባል እንደራሴ አለው። በካናዳና በአውስትራሊያ ደግሞ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ተጨማሪ የራሱ እንደራሴ ይቆምለታል። በብሪታንያ ምድር እንኳ በየአውራጃው ሎርድ ሌፍተናንት የሚባል ሹም አለ። ይህ ሹመት በ16ኛው መቶ ዘመን በሄንሪ ስምንተኛ ጊዜ ሲጀመር ጦር የሚያስከትት ነበር፤ ዛሬ ያለ ደመወዝ ንጉሣውያን እንግዶችን የሚቀበል፣ ኒሻን የሚያድል የክብር ሥራ ሆኗል።

የአውስትራሊያን ሕገ መንግሥት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው አገሪቱን የሚገዛው ጠቅላይ ገዥው ይመስለዋል። ሚኒስትሮችን የሚሾም እሱ፣ ምክር ቤቱን የሚበትን እሱ፣ ሕግን የሚያጸድቅ እሱ፣ የጦር ኃይሉ ጠቅላይ አዛዥ እሱ ነው። ከ1901 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይኸው ሕገ መንግሥት «ጠቅላይ ሚኒስትር» የሚል ቃል እንኳ የለበትም። በተግባር ግን ጠቅላይ ገዥው ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሚኒስትሮቹ ሲመክሩት ነው። «ምክር» የሚለው ቃል ራሱ የጨዋ ሽፋን ነው፤ አለመቀበል የማይቻል ምክር ትእዛዝ ነውና።

ንጉሡም ቢሆን በለንደን እንዲሁ ነው። የሚናገረውን ንግግር የሚጽፉለት ሚኒስትሮቹ ናቸው። እንግዲህ እንደራሴው የሚወክለው ራሱ የማይወስንን ሰው ነው። ከፀሐዩ ጥላው ይሻላል እንዳንል ይህ የጥላ ጥላ ነው። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሊያስጥል የማይችልን ባል ደግሶ ማግባት ለምን?

የክብር ሥራ ለምን ይበጃል?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ አለ። የመጀመሪያው መልስ ሥልጣንንና ክብርን መለየት ነው። ሰው ለአንድ ነገር እጅ መንሳት ይወዳል። ባንዲራ ሲሰቀል፣ መዝሙር ሲዘመር፣ ኒሻን ሲታደል ልቡ ይነካል። ይህ ሁሉ ስሜት ግብር ለሚጥለው፣ ወታደር ለሚያዘው፣ እስር ቤት ለሚሠራው ሰው ከተሰጠ ያ ሰው ተቺውን ሁሉ አገር የሰደበ ያደርገዋል። የእንደራሴው ወንበር ግን ክብሩን ከሥልጣኑ ለይቶ ይይዛል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በክብሩ ሊጠቀምበት አይችልም፤ ሊጠቀምበት የሚችለው ሰው ደግሞ ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ አይችልም። የወንበሩ ጥቅም ባለቤቱ ከሚሠራው ይልቅ ሌላው እንዳይሠራ በሚከለክለው ነገር ላይ ነው።

ሁለተኛው መልስ ከፖለቲካ ውጭ ነው። ሐምሌ 1999 ስዊዘርላንድ ውስጥ በኢንተርላከን አጠገብ ድንገተኛ ደራሽ ውኃ በገደል መሐል ለመዝናናት የወረዱ 21 ሰዎችን ፈጀ። ከነዚህ 14ቱ አውስትራሊያውያን ወጣቶች ነበሩ። የዚያን ጊዜ ጠቅላይ ገዥ ሰር ዊልያም ዲን ከካንቤራ ተነሡ፤ ከቤተ መንግሥቱ ግቢ የተቆረጡ 14 የዋትል ዝንጣፊዎችንም ይዘው ሄዱ። ዋትል የኛ ግራር ዘመድ የሆነ፣ ቢጫ አበባው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ምልክት የሆነ ዛፍ ነው። ከሟቾቹ ቤተ ሰቦች ጋር ቆመው አበባው ወደ ወንዙ ተጣለ፤ ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ዝንጣፊ።

ሰውየው ያን ቀን ምንም አልወሰኑም። ሕግ አላወጡም፤ ካሣም አልከፈሉም። ነገር ግን ልጇ በባዕድ ምድር የሞተባት እናት አገሯ መጥቶ አጠገቧ የቆመ ያህል ተሰምቷት ቢሆን አያስደንቅም። ለቅሶ መድረስን የሚያውቅ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ለቀስተኛ ሬሳ አያስነሣም፤ ሆኖም ያልመጣ ለቀስተኛ ሲታወስ ይኖራል። ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሄድ ኖሮ ግማሹ ሕዝብ «ለምርጫው ነው» ይል ነበር። እንደራሴው ግን የሚፈልገው ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ኀዘኑን የሚጠረጥርበት የለም። ባዶ ያልነው ሹመት ባዶ በመሆኑ ብቻ የሚሠራው ሥራ አለው።

ማኅተም ወይስ ዘበኛ?

የሞራሉ ጥያቄ የሚመጣው እንግዲህ አበባ ከመጣል ወደ ወረቀት መፈረም ስንሻገር ነው። ሚኒስትሩ ክፉ ወረቀት ቢያቀርብስ?

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «እንደራሴ ማኅተም ነው» ይላል። ሕዝብ የመረጠው ሚኒስትሩን ነው፤ ያልተመረጠ ሰው «ኅሊናዬ አልፈቀደም» እያለ የተመረጠውን ካገደ በካባ የተሸፈነ አምባገነን ሆነ ማለት ነው። ሁለተኛው ወገን «እንደራሴ ዘበኛ ነው» ይላል። ዘበኛ ሌሊቱን ሁሉ ሥራ የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን ሌባ በመጣባት በአንዲቷ ሌሊት ከተኛ የዓመት ደመወዙን በከንቱ በላ።

ታሪክ ለሁለቱም ወገን ምስክር ይሰጣል። በ1926 የካናዳው ጠቅላይ ሚኒስትር ማኬንዚ ኪንግ በጉምሩክ መሥሪያ ቤት በተገኘ ቅሌት ምክንያት ምክር ቤቱ ሊነቅፈው ሲቃረብ፣ ድምፁ ሳይሰጥ ምክር ቤቱ እንዲበተን ጠየቀ። ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ቢንግ በ1917 በቪሚ ጦርነት የካናዳን ጦር የመሩ ጄኔራል ነበሩ። እምቢ አሉ፤ ከነቀፌታ ለማምለጥ ምክር ቤት አይበተንም ነው ነገሩ። ኪንግ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ተቀናቃኙ አርተር ሚየን መንግሥት መሠረተ፤ ይኸኛው ግን በጥቂት ቀን ውስጥ በአንድ ድምፅ ብልጫ ወደቀ። ቢንግ ለኪንግ የነፈጉትን ብተና ለሚየን ለመስጠት ተገደዱ። በምርጫው ያሸነፈው ኪንግ ነው። በሕግ ረገድ የቢንግን ትክክለኛነት የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን የሰማው «እንግሊዛዊ ሎርድ የካናዳን ጠቅላይ ሚኒስትር ከለከለ» የሚለውን ነበር።

ሌላው ታሪክ ከዚያው አገር ከአልበርታ ክፍለ ሀገር ነው። በ1937 የዊልያም አበርሃርት መንግሥት ሦስት ሕጎችን አስወጣ። ከነዚህ አንዱ ጋዜጦች የመንግሥትን ማስተባበያ በግድ እንዲያትሙና የዜና ምንጫቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ነበር። የክፍለ ሀገሩ እንደራሴ ጆን ቦወን ፊርማቸውን አቆዩ፤ ጉዳዩ ወደ በላይ እንዲመራ አደረጉ። በማግሥቱ ዓመት የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሦስቱንም ሕጎች ከክፍለ ሀገሩ ሥልጣን ውጭ ናቸው ሲል ሻራቸው። የአበርሃርት መንግሥት ቂሙን የተወጣው በዕቃ ነው፤ የእንደራሴውን መኖሪያ ቤት ዘጋ፣ መኪናቸውንና ጸሐፊያቸውንም ወሰደ። ቦወን ግን ሹመታቸውን ይዘው እስከ 1950 ቆዩ።

ሁለቱን ታሪኮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ቢንግም ቦወንም ያደረጉትን በግልጽ አደረጉ። ኪንግ የተነፈገውን ፊት ለፊት ሰምቷል፤ አበርሃርትም ፊርማው ለምን እንደ ቆየ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመጨረሻው ፍርድ የእንደራሴው አልነበረም፤ በአንዱ የምክር ቤቱና የመራጩ፣ በሌላው የዳኞች ነበር። ዘበኛው ጮኸ እንጂ ተኩሶ አልገደለም።

ኅዳር 11 ቀን 1975

አሁን ወደ ከባዱ ታሪክ እንምጣ። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም በ1972 ተመርጦ በ1974 በድጋሚ ያሸነፈ የሌበር ፓርቲ መሪ ነበር። በላይኛው ምክር ቤት ግን ብልጫ አልነበረውም። በጥቅምት 1975 በማልኮም ፍሬዘር የሚመራው ተቃዋሚ ወገን በዚያ ምክር ቤት በኩል በጀቱን አገደ። መንግሥት ለሠራተኛው የሚከፍለው ገንዘብ ሊያልቅ የቀረው ጥቂት ሳምንት ብቻ ሆነ። ማንም ወገን ወደ ኋላ አላለም።

ጠቅላይ ገዥው ሰር ጆን ኬር ቀድሞ ዳኛ የነበሩ፣ በራሱ በዊትላም ምክር የተሾሙ ሰው ናቸው። ኅዳር 11 ቀን ቀትር ላይ ዊትላም የላይኛው ምክር ቤት ግማሽ ምርጫ እንዲጠራ ሊጠይቅ ወደ ቤተ መንግሥቱ ሄደ። ወረቀቱን ሳያቀርብ ኬር ሌላ ወረቀት ሰጡት፤ መሻሪያውን። ፍሬዘር በዚያው ቤት በሌላ ክፍል ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ወዲያው ተሾመ። በጀቱ በዚያው ከሰዓት በኋላ በላይኛው ምክር ቤት አለፈ። የታችኛው ምክር ቤት በፍሬዘር ላይ እምነት የለንም ሲል ድምፅ ሰጠ፤ አፈ ጉባኤው ይህንኑ ሊያስታውቅ ወደ ኬር ሲሄድ ግን ደጅ ጠናና ሳይገባ ምክር ቤቱ ተበተነ። በታኅሣሥ በተደረገው ምርጫ ፍሬዘር በከፍተኛ ብልጫ አሸነፈ።

የኬር ደጋፊዎች ሁለት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ ሥልጣኑ በሕገ መንግሥቱ ተጽፎ አለ። ሁለተኛ፣ በወር ጊዜ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ ፈረደ። ሁለቱም እውነት ነው። ግን ሕዝቡ የፈረደው በዊትላም አስተዳደር ላይ እንጂ በኬር አሠራር ላይ አይደለም፤ ሕዝቡ ስለ ኬር ድምፅ እንዲሰጥ አልተጠየቀም። ሕጉም ቢሆን «ትችላለህ» ይላል እንጂ «በዚህ መንገድ አድርገው» አይልም።

እንግሊዛዊው ጸሐፊ ዋልተር ባጆት በ1867 ባሳተመው መጽሐፍ የማይወስን ንጉሥ ሦስት መብት አለው ሲል ዘርዝሯል፤ ይማከራል፣ ያበረታታል፣ ያስጠነቅቃል። እንደራሴው ከዘውዱ የወረሰው እውነተኛ ሀብት ይህ ነው። ወታደር የለው፣ ድምፅ የለው፣ ገንዘብ የለው፤ ያለው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው። ኬር ዊትላምን «በጀቱን ካላገኘህ እሽርሃለሁ» ብለው አላስጠነቀቁም። ለንግሥቲቱም አስቀድመው አልነገሯትም። በ2020 በፍርድ ቤት ውሳኔ ለሕዝብ የተገለጡት የኬርና የቤተ መንግሥቱ ደብዳቤዎች ይህን በራሳቸው ብዕር ያረጋግጣሉ፤ አስቀድማ ባታውቅ ይሻላል ብለው አስበው ነበር። ለማን ነበር ታዲያ የመከሩት? ለዋናው ዳኛ ለሰር ጋርፊልድ ባርዊክ፤ እንዲሁም በ2012 እንደ ታወቀው ለሌላው ዳኛ ለአንቶኒ ሜሰን። ሊያማክሩት የሚገባውን ትተው ሌላውን አማከሩ።

ምክንያታቸው ይታወቃል። ቢያስጠነቅቁት ዊትላም ወደ ለንደን ደውሎ እሳቸውን ቀድሞ ያሽራቸዋል ብለው ሰጉ። ይህ ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ግን እስቲ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። እንደራሴው ሊሻር መቻሉ የሹመቱ ጉድለት አይደለም፤ የሹመቱ ጠባይ ነው። ሊሻር የማይችል እንደራሴ ንጉሥ ነው። ማስጠንቀቂያውን ተናግሮ ቢሻር ኖሮ ሕዝቡ ሁሉ ለምን እንደ ተሻረ ባየ ነበር፤ ዊትላምም በዚያ ሥራው በተፈረደበት። ወንበሩን ለማዳን ሲባል የተሰወረ ማስጠንቀቂያ ወንበሩን አዳነ፤ የወንበሩን ትርጉም ግን ገደለ። ኬር በ1977 ሹመቱን ለቀቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስማቸው ሲነሣ የሚታወሰው የፈረሙት ወረቀት ብቻ አይደለም፤ በሌላው ክፍል የተደበቀውም ሰው ነው።

የታዘዘ ዝምታ

ከኬር ታሪክ «እንደራሴ ሁልጊዜ ይፈርም፣ ምንም አይጠይቅ» የሚል ትምህርት የሚያወጣ ሰው ቢኖር ሌላ ታሪክ ይቆየዋል። በ2020 እና በ2021 የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ስኮት ሞሪሰን ከራሱ ሥራ በላይ በአምስት ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ላይ ተደርቦ እንዲሾም አደረገ። ጤና፣ ፋይናንስ፣ ኢንዱስትሪ፣ ግምጃ ቤትና የአገር ውስጥ ጉዳይ ነበሩ። ወረቀቶቹን የፈረሙት ጠቅላይ ገዥው ጄኔራል ዴቪድ ሀርሊ ናቸው። ሹመቶቹ ለሕዝብ አልተነገሩም፤ የገንዘብ ሚኒስትሩን ጨምሮ አንዳንዶቹ ሚኒስትሮች እንኳ ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ተደርቦ መቀመጡን አያውቁም ነበር። ነገሩ የታወቀው በነሐሴ 2022 ነው፤ ሞሪሰን በምርጫ ከተሸነፈ በኋላ።

የመንግሥቱ ከፍተኛ የሕግ አማካሪ ጉዳዩን መርምሮ ሹመቶቹ በሕግ የጸኑ ናቸው፣ ጠቅላይ ገዥውም እምቢ የማለት ምርጫ አልነበራቸውም አለ። ነገር ግን ምስጢርነቱ መንግሥት ለምክር ቤት ተጠያቂ ነው የሚለውን መሠረት የሚያፈርስ መሆኑን ጨመረ። ምክር ቤቱ በኅዳር 2022 ሞሪሰንን ነቀፈ። በ2023ም እንዲህ ያለ ሹመት ለሕዝብ እንዲገለጥ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ።

እምቢ ማለት አይችሉም ነበር፤ መልካም። መጠየቅስ? «ይህን ሕዝቡ መቼ ያውቃል?» የምትል ጥያቄ ሕገ መንግሥት አታፈርስም፤ ፊርማም አታስቀርም። ወረቀቱን በያዘው እጅና በሚፈርመው እጅ መካከል የምትወድቅ አንዲት ጥያቄ ናት። ጠይቀው ከሆነ አናውቅም፤ የማስጠንቀቂያ ቃል በዝግ ቤት ነው የሚነገረው። የምናውቀው ውጤቱን ነው፤ ወረቀቱ በጨለማ ቆየ። ያገራችን ሰው «በልጅ አመካኝቶ ይበላል እንኩቶ» ይላል። ሚኒስትር በእንደራሴው ፊርማ አመካኝቶ ሊበላ ይችላል። የሚበላበትን መሶብ መክፈት የእንደራሴው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ኬርና ሀርሊ ተቃራኒ ሰዎች ይመስላሉ። አንዱ ከልክ በላይ አደረጉ፤ ሌላው ከልክ በላይ ታዘዙ ተባሉ። ከሥሩ ሲታይ ግን ሁለቱም ታሪኮች የተበላሹት በአንድ ቦታ ነው፤ ሊገለጥ የሚገባው ነገር በዝግ ቤት በመቅረቱ ነው። የክብር ሥራ በጠባዩ የአደባባይ ሥራ ነው። ጥሩንባ የሚነፋለት፣ ምንጣፍ የሚነጠፍለት ሕዝብ እንዲያይ ነው። የአደባባይ ሰው በስውር ሲሠራ አንዱም ነገር አይደለም፤ ማኅተምም ዘበኛም አይሆንም።

ከአሥመራው ቤተ መንግሥት

ይህን ሹመት ከሩቅ ብቻ የምናየው አይደለም። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትዋሐድ፣ በተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር በቦሊቪያዊው ኤድዋርዶ አንዜ ማቲየንዞ መሪነት የተረቀቀው የኤርትራ ሕገ መንግሥት ለንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቦታ ሰጥቶ ነበር። ቦታውም ከሞላ ጎደል እስካሁን የገለጽነው ዓይነት ነው። እንደራሴው ምክር ቤቱ ሲከፈትና ሲዘጋ የዙፋኑን ንግግር ያሰማል፤ ምክር ቤቱ የመረጠውን ዋና አስተዳዳሪ ሥልጣን ያለብሳል፤ የወጣውን ሕግ ያውጃል። አንድ ሕግ የፌዴሬሽኑን ሥልጣን ይነካል ብሎ ቢያምን በ20 ቀን ውስጥ ምክር ቤቱ ዳግመኛ እንዲያየው መጠየቅ ይችላል። ከዚህ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ያስጠነቅቃል፤ አይገዛም።

የመጀመሪያው እንደራሴ የንጉሠ ነገሥቱ አማች ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ ነበሩ። በመጋቢት 1947 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ ባሰሙት ንግግር ለእንደራሴው ጽሕፈት ቤት የኤርትራ የውስጥ ጉዳይ ወይም የውጭ ጉዳይ የሚባል ልዩነት የለም የሚል ሐሳብ ተናገሩ። በአንድ ዓረፍተ ነገር የሕገ መንግሥቱን አጥር አለፉ። በዚያው ዓመት ዋና አስተዳዳሪው ተድላ ባይሩ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ በቦታው የተተካው አስፍሃ ወልደ ሚካኤል የእንደራሴው ምክትል የነበረ ሰው ነው። ፌዴሬሽኑ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዚያ በፊት የተጀመረው የትጥቅ ትግልም ሠላሳ ዓመት ቆየ።

የዚህን ሁሉ ደም ዕዳ በአንድ እንደራሴ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ምክንያቱ ብዙ፣ ተዋናዩም ብዙ ነው። ለጉዳያችን ግን አንድ ነገር ያስተምራል። ቢትወደድ አንዳርጋቸው «እንደ ራሴ» የሚለውን ቃል በቁሙ ወሰዱት። የላካቸው ንጉሥ ፍጹም ባለ ሥልጣን ስለ ነበር እሳቸውም አሥመራ ላይ እንደዚያው ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ ግን የጠየቃቸው የንጉሡን ክብር ይዘው እንዲሄዱ፣ የንጉሡን ሥልጣን ግን አዲስ አበባ ትተው እንዲሄዱ ነበር። የክብር እንደራሴ ሊኖር የሚችለው ወካዩም ተወካዩም «እስከዚህ ብቻ» ሲባል በሚሰማበት አገር ነው። ልክ የማያውቅ ንጉሥ ልክ የሚያውቅ እንደራሴ ሊልክ አይችልም።

ኅሊና የሚወጣበት በር

ይቀራል አንድ ጥያቄ። ወረቀቱ በግልጽ የቀረበ፣ ሕጋዊ የሆነ፣ ነገር ግን የፈራሚው ኅሊና ከቶ የማይቀበለው ቢሆንስ? በ1990 የቤልጅየም ምክር ቤት የፅንስ ማስወረድን ሕግ ሲያላላ ንጉሥ ቦዱዋን በሃይማኖታቸው ምክንያት አልፈርምም አሉ። ሕጉን ግን ማስቀረት አልፈለጉም። መላው ተገኘ፤ ሚያዝያ 4 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ንጉሡ መንገሥ አልቻሉም ብሎ አወጀና ሕጉን ራሱ ፈረመ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ወደ ዙፋናቸው ተመለሱ። አንዳንዱ ቀልድ ነው አለ። እኔ ግን ቁም ነገር ይታየኛል። ሰውየው ኅሊናቸውን ከሕዝቡ ውሳኔ ፊት አላቆሙም፤ ከመንገዱ ዞር አደረጉት እንጂ።

ለንጉሥ ይህ ከባድ ነው፤ ሲወለድ የታሰረ ነውና። ለእንደራሴ ግን በሩ ምንጊዜም ክፍት ነው፤ ሥልጣን መልቀቅ ይችላል። በዚህ ረገድ እንደራሴው ከንጉሡ የበለጠ ነጻ ሰው ነው። ስለዚህም «ታዝዤ ነው» የሚለው የጲላጦስ ውኃ ለንጉሥ ከሚበቃው ይልቅ ለእንደራሴ ያንሰዋል። መልቀቅ የሚችል ሰው ሳይለቅ ከፈረመ ፊርማው የራሱም ነው። በዚህች ልክ፣ በዚህች ብቻ፣ የሌላ ሰው «ራስ» ሆኖ የቆመ ሰው የገዛ ራሱን አላጣም።

የዛሬው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ዘውድ ባይኖረውም ይህን ነገር በራሱ መንገድ አስቦበታል። በምክር ቤቱ የወጣ ሕግ ለርዕሰ ብሔሩ ቀርቦ በ15 ቀን ውስጥ ካልተፈረመ ያለ ፊርማ በሥራ ላይ ይውላል። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን ማስቀረት አይችልም፤ ስሙን ከሕጉ ላይ ማስቀረት ግን ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የደካማነት ምልክት አድርጎ ይቆጥረዋል። በኔ አስተያየት ለኅሊና የተተወች ጠባብ በር ናት። ባዶ የቀረ የፊርማ ቦታ አንዳንዴ ከተጻፈ ንግግር በላይ ይነበባል።

ስለዚህ «የክብር እንደራሴ ግዴታው ምንድን ነው?» ለሚል ሰው መልሱ ከጥብጣብ መቁረጥ ይበዛል፤ ከመግዛት ግን ያንሳል። የሚፈርመውን ማንበብ፤ ያልገባውን መጠየቅ፤ የሚያሰጋውን ለሚመለከተው ሰው ፊት ለፊት መናገር፤ ያደረገውን በቀን ብርሃን ማድረግ፤ ሕዝቡ ሲያዝን መሄድ፤ ከኅሊናው ሊታረቅ ካልቻለ ወንበሩን ሳያንገጫግጭ መነሣት። ከነዚህ አንዱም ሥልጣን አይጠይቅም። ሁሉም ግን ሰው ይጠይቃል።

ለሹመት የሚመረጠው ሰው ታዲያ ብዙውን ጊዜ በምን ይመዘናል? በታዛዥነቱ፣ በዕድሜው፣ በቁመናው፣ አንዳንዴም በብሔሩ። «ይህ ሰው ወንበሩን ለማጣት የደፈረበት ቀን አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሿሚ ጥቂት ነው። ነገሩም አያስደንቅም፤ እንዲህ ያለውን ሰው የሚሾም ሿሚ የገዛ ራሱን አስጠንቃቂ ሾመ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሿሚ ያላት አገር ግን ከዘውዱም ከካባውም የበለጠ ሀብት አላት።